በሢመት የሚወረስ ወንበር፤ የኢሊኖይ 13ኛው የምርጫ ክልልና እንደራሴዎቹ

የኢሊኖይ ግዛት ሕግ የሚወጣበት የስፕሪንግፊልድ ጉባኤ በሁለት የተከፈለ ነው፤ ይኸውም 59 እንደራሴዎች ያሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትና 118 እንደራሴዎች ያሉት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነው። ከ59ኙ ወንበሮች አንዱ፣ የቺካጎን ከተማ የደቡብ ሐይቅ ዳርቻ የሚወክለው የ13ኛው ክልል ወንበር፣ ከ1997 እስከ 2004 (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተቀመጡበት ሰው በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በመሆናቸው ዝናው በዓለም ተሰምቷል። ስለ አቶ ባራክ ኦባማ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ወንበሩ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ከእርሳቸው በፊት ማን እንደ ነበረበት፣ ከእርሳቸውም በኋላ ማን እንደ ወረሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እያንዳንዱ በየትኛው በር እንደ ገባበት መዝገቡን ገልጦ የሚመረምር ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። ከ1991 ወዲህ ወደዚህ ወንበር ከገቡት አራት ሰዎች ሦስቱ መጀመሪያ የገቡት በሕዝብ ድምፅ ሳይሆን በፓርቲ ሢመት ነው፤ አራተኛው በምርጫ ቢገቡም፣ በዚያ አካባቢ ነገሩን ሁሉ በሚቆርጠው በዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ላይ ከእርሳቸው ስም በቀር ሌላ ስም አልነበረም። እንግዲህ ሕዝብ እንደራሴውን ይመርጣል የሚለው የዴሞክራሲ አንቀጸ ሃይማኖት በዚህ ክልል እንዴት እንደ ተፈጸመ መመርመር ትርፍ ሥራ አይሆንም።

አስቀድሞ ስለ ምድሩ ጥቂት መናገር ይገባል። ከቺካጎ መሐል ከተማ ወደ ደቡብ፣ የሚሽገንን ሐይቅ ተከትለው ኬንውድ፣ ሃይድ ፓርክ፣ ውድሎንና ሳውዝ ሾር የሚባሉት ሰፈሮች ተከታትለው ይገኛሉ፤ በመካከላቸውም በ1890 የተመሠረተው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በግራጫ ድንጋይ ታንጾ ቆሟል፤ ከእርሱም በስተምሥራቅ የ1893 ዓለም አቀፍ ትርኢት የተደረገበት የጃክሰን ፓርክ መስክ ተዘርግቷል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወራት አንሥቶ ከሚሲሲፒና ከሌሎቹ የደቡብ ግዛቶች በባቡር እየተጫኑ የፈለሱት ጥቁር አሜሪካውያን በዚህ የከተማው ወገን ሰፈሩ፤ ነገር ግን በዙሪያው የነበሩት ነጮች ባለንብረቶች ቤታቸውን ለጥቁር ላለመሸጥና ላለማከራየት በውል ተሳስረው ስለ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲውም ይህን ውል ይደግፍ ስለ ነበር፣ መጤው ሕዝብ በጠባብ ስፍራ ተጨናንቆ ለመኖር ተገደደ። ካርል ሃንስቤሪ የተባሉ ነጋዴ፣ የታዋቂዋ የቴአትር ደራሲ የሎሬይን ሃንስቤሪ አባት፣ በ1937 በውድሎን በውል በታጠረ ሰፈር ቤት ገዝተው በመግባታቸው ተከሰው፣ ክርክራቸው እስከ ሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 ተፈረደላቸው፤ እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት እንዳይጸና በጠቅላላው የተቆረጠው ግን በ1948 ነው። ስለዚህ በዚህ ክልል የድንበር መሥመር ነገር፣ ማን በየት በኩል ይኖራል፣ ማንስ ከማን ጋር ይቈጠራል የሚለው ነገር፣ ሰዎች በሥጋቸው የኖሩት ነገር ነው።

የቺካጎ የፖለቲካ ሥርዓት በዚያን ጊዜ፣ ይልቁንም ከንቲባው ሪቻርድ ዴሊ ከ1955 እስከ 1976 በቆዩበት ዘመን፣ ከላይ እስከ ታች በተያያዘ የፓርቲ መዋቅር የሚመራ ነበር። ከተማው በ50 ዋርድ ይከፈላል፤ በእያንዳንዱም ዋርድ አንድ የፓርቲ ተጠሪ ይቀመጣል፤ ሥራ የሚሰጠውም፣ ዕጩ የሚያቆመውም እርሱ ነበር። በኋላ በኮንግረስና በፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ስማቸው የተጠራው አብነር ሚክቫ፣ በ1948 የሕግ ተማሪ ሳሉ ለፓርቲው በነጻ ለማገልገል ወደ አንድ የዋርድ ቢሮ ገብተው፣ ማን እንደ ላካቸው ተጠይቀው ማንም አልላከኝም ቢሉ፣ ማንም ያልላከውን ሰው እንደማይፈልጉ ተነግሯቸው እንደ ወጡ ዕድሜ ልካቸውን ይተርኩ ነበር። ወሬው ለቺካጎ ሰው ምሳሌ ሆኖ የቀረ ነው፤ እኔም እዚህ የማነሣው የ13ኛውን ክልል ወንበር ነገር በሙሉ አስቀድሞ የሚናገር ስለ መሰለኝ ነው።

ሆኖም ለእንዲህ ያሉ ላኪ የሌላቸው ሰዎች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነበረች። በ1870 የወጣው የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ከየክልሉ ሦስት እንደራሴዎች እንዲኖሩት፣ መራጩም ሦስት ድምፅ ይዞ ቢወድ ለሦስት እንዲያካፍል፣ ቢወድ ሦስቱንም ለአንድ ሰው እንዲሰጥ ፈቅዶ ነበር። በዚህ ሥርዓት ኅዳጣን የሆኑ ወገኖች ድምፃቸውን አከማችተው የራሳቸውን ሰው ማስገባት ይችሉ ነበር፤ ሚክቫም በ1956 ከሃይድ ፓርክ ወደ ስፕሪንግፊልድ የገቡት በዚህ በር ነው። በ1978ም ካሮል ሞዝሊ ብራውን፣ በኋላ በሀገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆኑት፣ እንዲሁም ባርባራ ፍሊን ኩሪ ከዚሁ ሰፈር በዚሁ ሥርዓት ተመረጡ፤ ወይዘሮ ኩሪም እስከ 2019 ድረስ አርባ ዓመት ቆይተዋል። በ1980 ግን ፓት ክዊን የተባሉ ወጣት የፖለቲካ ሰው ባስነሡት የሕዝብ ውሳኔ የሕግ መምሪያው ቁጥር ከ177 ወደ 118 ተቀነሰ፤ ከቁጥሩም ጋር የሦስቱ ድምፅ ሥርዓት ቀረ። ወጪ ለመቀነስና የእንደራሴዎችን ስግብግብነት ለመቅጣት ተብሎ የተደረገ ነበር፤ የተቀጣው ማን እንደ ሆነ ግን አከራካሪ ነው።

የሕግ መወሰኛው ወንበር ይህን ዕድል ከመጀመሪያው አልነበረውም፤ ለአንድ ክልል አንድ ሰው ብቻ ነው። በ1966 ምርጫ አሸንፈው ከጃንዋሪ 1967 ጀምሮ የተቀመጡት ሪቻርድ ኒውሃውስ የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ ለከንቲባው መዋቅር የማይገዙ ሰው በመሆናቸውም ይታወቁ ነበር። ክልላቸው በየአሥር ዓመቱ ካርታው በተነደፈ ቁጥር ስሙ እየተለወጠ፣ ሕዝቡ ግን ያው ሆኖ ሃያ አራት ዓመት አገለገሉ። በ1975 ዴሊን ከከንቲባነት ለማውረድ በቅድመ ምርጫው ተወዳድረው ተሸነፉ፤ ሆኖም ከስምንት ዓመት በኋላ ሃሮልድ ዋሽንግተን፣ እርሳቸውም በሁለቱም ምክር ቤቶች አገልግለው የነበሩ የሃይድ ፓርክ ነዋሪ፣ የከተማው የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሲሆኑ፣ መንገዱን አስቀድሞ የረገጠው ኒውሃውስ እንደ ነበር የሚዘነጋ አይደለም። ከ1966 ወዲህ ይህን ወንበር አንድ ሰው መጀመሪያ በእውነተኛ ፉክክር የያዘበትን ጊዜ ብፈልግ፣ የማገኘው የኒውሃውስን ዘመን ብቻ ነው።

ኒውሃውስ በ1991 ጡረታ ሲወጡ የትምህርት ሊቅ የነበሩት ዶክተር አሊስ ፓልመር በቦታቸው ተሾሙ። የሢመቱ ሥርዓት እንዲህ ነው፤ አንድ እንደራሴ ጊዜው ሳይፈጸም ከለቀቀ፣ በክልሉ ውስጥ ቁራሽ መሬት ያላቸው የዋርድ የፓርቲ ተጠሪዎች ተሰብስበው፣ የእያንዳንዱም ድምፅ ከክፍሉ በተሰጠው የመራጭ ቁጥር ልክ ተመዝኖ፣ በ30 ቀን ውስጥ ከዚያው ፓርቲ አንድ ሰው ይሰይማሉ። የማሟያ ምርጫ ወዲያው አይደረግም። ተሿሚው በሚቀጥለው ምርጫ ሲቀርብ ወንበር ላይ ያለ እንደራሴ ተብሎ ነው የሚቀርበው፤ ስሙ ታውቋል፣ ቢሮው ተከፍቷል፣ ገንዘብ ሰጪውም ለይቶታል። ፓልመርም በ1992 ተመረጡ፤ ማንም ክፉ አልተናገረባቸውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ግን ሰፋ ተደርጎ ሊነገር የሚገባው ነው። በ1995 ሜል ሬይኖልድስ የተባሉት የኮንግረስ አባል በወንጀል ተፈርዶባቸው የ2ኛውን የኮንግረስ ክልል ወንበር ሲለቁ፣ ፓልመር ያን ወንበር ለመያዝ ተነሡ፤ የራሳቸውን የስፕሪንግፊልድ ወንበር ለወጣቱ የሕግ መምህር ለባራክ ኦባማ እንደሚተዉለትም በይፋ አስተዋወቁ። የማሟያው ቅድመ ምርጫ በኖቬምበር መጨረሻ ተደረገ፤ ጄሲ ጃክሰን ልጅየው አሸነፈ፤ ፓልመር ሦስተኛ ወጡ። ያን ጊዜ ወዳጆቻቸው ወደ ኦባማ ሄደው፣ ልጄ ሆይ፣ ተራህን ጠብቅ፣ ሴትዮዋ ወደ ቦታቸው ይመለሱ አሉ፤ ኦባማ ግን እምቢ አሉ። ፓልመርም ጥቂት ቀን ብቻ ሲቀራቸው ተጣድፈው የድጋፍ ፊርማ አሰባስበው አቀረቡ። ሕጉ የሚጠይቀው 757 ፊርማ ነበር፤ እርሳቸው ያቀረቡት 1,580 ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚበቃና የሚተርፍ ነበር።

የኦባማ ፈቃደኛ ሠራተኞች ከአዲስ ዓመት በዓል ማግስት ጀምሮ በከተማው የምርጫ ቦርድ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው የተቀናቃኞችን ፊርማ ሉህ በሉህ፣ መሥመር በመሥመር ከመራጮች መዝገብ ጋር ማመሳከር ጀመሩ። አንዱ ፈራሚ በእጅ ጽሕፈት በመፈረም ፈንታ ስሙን በማተሚያ ፊደል ቅርጽ ነጥሎ ጽፏልና ይሰረዝ፤ ሌላይቱ የምትኖረው ከክልሉ ወሰን አንድ መንገድ ወዲያ ነውና ትሰረዝ፤ ሦስተኛው ቤት ቀይሮ አድራሻውን አላሳደሰምና ይሰረዝ፤ አራተኛው ከተማው መዝገቡን ባጠራ ጊዜ ስሙ ወጥቷልና ይሰረዝ ተባለ። እንዲህ እየተባለ የፓልመር ፊርማ ከሚፈለገው ቁጥር በታች ወረደ፤ እርሳቸውም ከውድድሩ ወጡ። ሌሎቹ ሦስት ዕጩዎችም በዚሁ ወንፊት ተነፍተው ቀሩ፤ ከመካከላቸውም ከ1,800 በላይ ፊርማ ያቀረበ አንዱ የወደቀው በ69 ፊርማ ጉድለት ነው። በማርች 1996 የክልሉ ዴሞክራቶች ለድምፅ ሲወጡ በዝርዝሩ ላይ ያገኙት አንድ ስም ብቻ ነበር። በኖቬምበሩም ጠቅላላ ምርጫ ኦባማ ከመቶ 82 እጅ አግኝተው አለፉ፤ ሪፐብሊካን ተወዳዳሪ ነበረባቸው፤ በዚያ አካባቢ ግን ለሪፐብሊካን መወዳደር ለሥርዓቱ ያህል ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሕግ የወጣ ነገር የለም። የፊርማ ደንቡ ለሁሉም የተጻፈ ነው፤ መቃወሚያ ማቅረብም የማንኛውም ዜጋ መብት ነው፤ ሐሰተኛ ፊርማም በቺካጎ ያልታየ ነገር አይደለም። ነገር ግን ያው ሰው በ1992 የመራጮች ምዝገባ ዘመቻ መሪ ሆነው ወደ 150,000 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹም ጥቁሮችና ድሆች የሆኑ ሰዎችን ወደ መዝገብ ያስገቡ መሆናቸውን ስናስታውስ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው መዝገብ ተቀናቃኞቻቸውን አንድ በአንድ ሲያስወጡ ማየት ልቡናን ያሳስባል። እኔ የምፈርደው በሰውየው ላይ አይደለም፤ ሰውየው የተማሩት የከተማውን ትምህርት ነው። የምፈርደው አንድ ቤት የቀየረ ድሀ ፈራሚ ስሙ ከመሰረዙ በፊት ቆሞ እንዲናገር ዕድል በማይሰጠው ደንብ ላይ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚገርመው፣ ኦባማን ወንበሩን ለፓልመር እንዲለቁ ከመከሩት ወገን የነበሩት አንጋፋው ኤሚል ጆንስ፣ በኋላ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ የኦባማ ዋና ደጋፊ መሆናቸው ነው፤ ፓልመር ግን በ2008 የፕሬዚዳንት ዕጩነት ውድድር ከሂለሪ ክሊንተን ጎን ቆመዋል።

ከሰዎቹ ይልቅ ዕድል የሠራበት ክፍል ደግሞ የካርታው ጉዳይ ነው። የ1970 ሕገ መንግሥት ሕግ አውጪው ካርታውን ካላወጣ የሚነድፍ ስምንት አባላት ያሉት፣ ከሁለቱ ፓርቲዎች እኩል የሚውጣጣ ኮሚሽን እንዲቋቋም አዘዘ፤ ካልተስማሙም የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከየፓርቲው አንድ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት ስም አቅርቦ፣ የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ከሁለቱ አንዱን በዕጣ አውጥቶ ዘጠነኛ አባል እንዲያደርግ ደነገገ። ሐዋርያት የይሁዳን ቦታ የሚተካ ሰው በፈለጉ ጊዜ ዮሴፍንና ማትያስን አቁመው ዕጣ እንዳወጡ፣ ዕጣውም በማትያስ ላይ እንደ ወደቀ የሚያነብ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ሐዋርያት አስቀድመው መጸለያቸው፣ የኢሊኖይ ፓርቲዎች ግን መወራረዳቸው ነው። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት ማንም ሁሉን በዕጣ ለማጣት ስለማይደፍር ሁለቱ ወገኖች በግድ ይስማማሉ ብለው ነበር፤ ሆኖም በ1981ም፣ በ1991ም፣ በ2001ም ሳይስማሙ ቀርተው ዕጣ ወጣ። በ1981 ለዴሞክራቶች፣ በ1991 ለሪፐብሊካኖች፣ በ2001 እንደገና ለዴሞክራቶች ወደቀ። የመጨረሻው ዕጣ የተሳበው በአብርሃም ሊንከን ረጅም ቆብ አምሳያ ውስጥ ነበር፤ ጄሲ ዋይት የተባሉት ዋና ጸሐፊ እጃቸውን ሰድደው የቀድሞውን የቺካጎ ከንቲባ የማይክል ቢላንዲክን ስም አወጡ።

ያች ቁራጭ ወረቀት ለ13ኛው ክልል ያደረገችው ነገር ቀላል አልነበረም። ክልሉ በፊት ከሃይድ ፓርክ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢንግልዉድ ድሀ ሰፈሮች ይዘረጋ የነበረው፣ በአዲሱ ካርታ ሐይቁን ተከትሎ ወደ ሰሜን ተሳበና መሐል ከተማውን አልፎ ባለጠጎች ከሚኖሩባቸው የጎልድ ኮስት ፎቆች ደረሰ። ኦባማ ራሳቸው በ2001 ከፓርቲያቸው ካርታ ነዳፊ ጋር ተቀምጠው ክልላቸው እንዴት እንደሚዘረጋ መክረውበታል። በ2000 ለኮንግረስ ከወንበሩ ባለቤት ከቦቢ ረሽ ጋር ተወዳድረው ከመቶ 30 እጅ ብቻ አግኝተው በተሸነፉ ማግስት፣ ከጥቁር ሠራተኛው ሰፈር ውጭ ደጋፊ ለሚያሻው ሰው ይህ ካርታ ከሰማይ የወረደ መና ነበር። በዚያው ካርታ ዴሞክራቶች በ2002 ምርጫ የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት ያዙ፤ ስድስት ዓመት በኅዳጣኑ ወንበር ላይ ተቀምጠው አብዛኛው ረቂቃቸው ከኮሚቴ የማያልፍላቸው ኦባማም በ2003 የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁትን ያነበበ ሰው፣ በእንዲህ ያለ ጠባብ በር የገቡ እንደራሴዎች ለሕዝቡ ምን ይረባሉ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ግን የሚጠበቀው አይደለም። ከ2003 ወዲህ በወንበሩ ላይ የተፈራረቁት ሦስት ሰዎች ሦስቱም በአንድ ጉዳይ፣ በተያዘና በተከሰሰ ሰው መብት ላይ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ ሕግ አወጡ፤ በአሜሪካ በየትኛውም የግዛት ወንበር ላይ እንዲህ ያለ ሐረግ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም።

የነገሩ ሥር ከደቡብ ቺካጎ ፖሊስ ጣቢያዎች ይወጣል። ጆን በርጅ የተባለ የፖሊስ አዛዥና በእርሱ ሥር የነበሩ መርማሪዎች ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1991 ድረስ ከመቶ በላይ ሰዎችን፣ አብዛኞቹንም ጥቁሮች፣ በኤሌክትሪክና በማፈን እያሠቃዩ ሲያናዝዙ ኖረዋል፤ በዚያ ኑዛዜም ሞት የተፈረደባቸው ነበሩ። በርጅ በ1993 ከሥራ ተባረረ፤ በ2010 ስለ ድርጊቱ በሐሰት በመማሉ ተፈርዶበት ታሰረ፤ ስለ ማሠቃየቱ ራሱ ግን የክስ ዘመኑ አልፎ ስለ ነበር አልተፈረደበትም። በግዛቱ የሞት ቅጣት ዳግመኛ ከተፈቀደ ወዲህ 12 ሰዎች ሲገደሉ፣ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ነጻ የወጡት 13 በመሆናቸው፣ ሪፐብሊካኑ አገረ ገዢ ጆርጅ ራያን በ2000 ቅጣቱን አገዱ፤ በጃንዋሪ 2003ም ከሥልጣን ሊወርዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ከ160 በላይ ፍርደኞችን ከሞት አወጡ።

በዚያው ዓመት ኦባማ በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ ሰው ሲመረመር ቃሉ በመቅረጫ እንዲያዝ የሚያስገድደውን ሕግ አወጡ። ፖሊሶችም፣ ዐቃብያነ ሕግም፣ አዲሱ አገረ ገዢም መጀመሪያ ተቃውመው ነበር፤ ኦባማ ግን ከየወገኑ ጋር ተራ በተራ እየተቀመጡ፣ ቀረጻው ንጹሑን ሰው ብቻ ሳይሆን ቅኑንም መርማሪ ከሐሰት ክስ ያድናል እያሉ ተከራክረው፣ በመጨረሻ በምክር ቤቱ ያለ ተቃውሞ አሳለፉት። ኢሊኖይም ይህን በሕግ አውጪው በኩል ያደረገ የመጀመሪያው ግዛት ሆነ። ፖሊስ በመንገድ ያስቆመውን አሽከርካሪ ዘር እንዲመዘግብ የሚያዘውም ሕግ የዚያው ዓመት ነው።

ኦባማ በኖቬምበር 2004 ለሀገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ወደ ዋሽንግተን ሲመረጡ የዋርድ ተጠሪዎቹ ተሰብስበው ኳሚ ራውልን ሾሙ። ራውል ከሄይቲ የፈለሱ ሐኪም ልጅ፣ በሰፈሩ ተወልደው ያደጉ የሕግ ሰው ናቸው። የኦባማ የዋሽንግተን ወንበር ደግሞ በ2008 ሲለቀቅ ተተኪ መሾም የአገረ ገዢው ሥልጣን ነበርና፣ ሮድ ብላጎየቪች ወንበሩን ለመሸጥ ሲደራደሩ በስልክ ተጠልፈው ተያዙ፤ በጃንዋሪ 2009 የግዛቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በ59 ለ0 ድምፅ ሲያባርራቸው፣ ከ59ኙ አንዱ በሢመት የገቡት ራውል ነበሩ። ብላጎየቪችም በኋላ 14 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

የራውል ስም የሚጠራበት ሥራ የሞት ቅጣትን መሻር ነው። በጃንዋሪ 2011 የምክር ቤቱ ዘመን ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ረቂቁ በሕግ መምሪያው በ60 ለ54፣ በሕግ መወሰኛው በ32 ለ25 አለፈ፤ በማርች 9ም አገረ ገዢው ፈረሙት። አገረ ገዢውም በ1980 የሦስቱን ድምፅ ሥርዓት ያስቀሩት ያው ፓት ክዊን ነበሩ። ይህ ሕግ ያለፈው ተሰናባቾቹ እንደራሴዎች ገና በወንበራቸው ሳሉ፣ ከእንግዲህ መራጭ የማይጠይቃቸው በሆኑበት በጃንዋሪ የመጀመሪያ ቀናት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ለአንዳንዱ ይህ ድፍረት ነው፣ ለሌላው ደግሞ ከሕዝብ ዐይን መሸሽ ነው፤ እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

ራውል በ2018 የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሲመረጡ፣ ተጠሪዎቹ እንደገና ተሰብስበው በጃንዋሪ 2019 የሕዝብ አደራጅ የነበሩትን ሮበርት ፒተርስን ሾሙ። ፒተርስ የያዙት ጉዳይ የዋስትና ገንዘብ ነው። በኢሊኖይ የዋስ ነጋዴዎች ከ1963 ጀምሮ ቢከለከሉም፣ ዳኛው የቈረጠውን ገንዘብ አንድ አሥረኛ ለፍርድ ቤቱ ያላስያዘ ተከሳሽ ከእስር አይወጣም ነበር፤ 50,000 ዶላር የተቈረጠበት ሰው 5,000 ካገኘ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ካላገኘ በቺካጎው ትልቅ እስር ቤት ቀጠሮውን እየቈጠረ ይቀመጣል፤ ሥራውንና የቤት ኪራዩን ያጣል፣ አንዳንዱም ለመውጣት ሲል ብቻ ጥፋተኛ ነኝ ይላል። በጃንዋሪ 2021፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ32 ለ23 ይህን ሥርዓት የሚያስቀረውን ሕግ አሳለፈ። ከእንግዲህ ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሹ አደገኛ ነው ወይም ይሸሻል ካለ ማስረጃውን ያቀርባል፤ ዳኛውም ወይ ያስራል ወይ በግዴታ ይለቅቃል፤ በመካከል ገንዘብ የለም። ብዙ የየአውራጃው ዐቃብያነ ሕግና የፖሊስ አዛዦች ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ከሰሱ፤ አንድ የካንካኪ አውራጃ ዳኛም በዲሴምበር 2022 ፈረዱላቸው። ክርክሩ ወደ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወጣ ሕጉን ለመከላከል የቆሙት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ራውል ነበሩ፤ መዝገቡም በስማቸው ተሰይሟል። የወንበሩ የቀድሞ ባለቤት ተተኪያቸው የደከሙበትን ሕግ ተሟገቱለት፤ በጁላይ 2023 በ5 ለ2 ድምፅ ተፈረደላቸው፤ ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2023 ጀምሮም ኢሊኖይ የገንዘብ ዋስትናን ፈጽሞ ያስቀረ የመጀመሪያው ግዛት ሆነ።

ታዲያ በሢመት የገቡ ሰዎች በምርጫ ከገቡት ብዙዎች የበለጠ ሥራ ከሠሩ ሥርዓቱን ለምን እንነቅፋለን የሚል ይኖራል። ሙግቱ ቀላል አይደለም። አስተማማኝ ወንበር ያለው ሰው ብዙኃኑ ገና ያልተቀበሉትን ሐሳብ ለመያዝ አይፈራም፤ በተከፋፈለ ክልል ያለ እንደራሴ ስለ ተከሳሽ መብት አንድ ቃል ቢናገር በሚቀጥለው ምርጫ ከወንበሩ ይነሣል። ሆኖም የወንበሩ ፍሬ ከመዋቅሩ የመጣ አይመስለኝም፤ የመጣው ኑዛዜው በማሠቃየት ከወጣው፣ የዋስ ገንዘብ ለማግኘት ቤተ ዘመድ ካስቸገረው፣ ሲነዳ በየመንገዱ ከሚቆመው ሕዝብ ነው፤ ማንም ቢሾም ይህን ሳይሰማ ሊቀመጥ አይችልም። ደግሞም ተጠሪዎቹ ሦስት ጊዜ በጎ ሰው ሰየሙ ማለት አራተኛውን ጊዜ ዋስ አይሆንም። በዚሁ ከተማ በዚሁ ሥርዓት ልጅ ከአባቱ፣ ሚስት ከባሏ ወንበር ስትወርስ የታየበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና።

ፒተርስ በ2025 ለ2ኛው የኮንግረስ ክልል ወንበር እንደሚወዳደሩ አስታወቁ፤ ፓልመር ከሠላሳ ዓመት በፊት የተመኙት ያ ወንበር ነው። አንድ እንደራሴ ዘመኑ ሳይፈጸም ወደ ሌላ ሥልጣን ባለፈ ቁጥር ሥራው ወደ ዋርድ ተጠሪዎቹ ይመለሳል። ተጠሪዎቹ ደግሞ ራሳቸው በሕዝብ የሚመረጡ ናቸው፤ በየአራት ዓመቱ፣ ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት ዓመት በሚደረገው ቅድመ ምርጫ፣ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከፕሬዚዳንቱም ከኮንግረሱም ከዳኞቹም ዕጩዎች ጋር ስማቸው ይገኛል፤ አብዛኛው መራጭ ማን እንደ ሆኑ አያውቅም፣ ብዙዎቹም ያለ ተቀናቃኝ ያልፋሉ። በማርች 19 ቀን 2024 የተመረጡት እስከ 2028 ድረስ ይቆያሉ፤ በነዚህ ዓመታት ውስጥ በክልሉ የሚለቀቅ ወንበር ካለ የሚሰይሙት እነርሱ ናቸው።